ሲጋራ ማቆም ለምትፈልጉ፣ ከአንድ አሮጌ ፋርማሲስት

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ፋርማሲ ውስጥ ነው። የሳል ሽሮፕ ሊገዛ የሚመጣ ወጣት ኪሱ ውስጥ የሲጋራ ፓኬት ይታየኛል። ነገሩን ላነሳበት ስል "ከፈለግኩ ዛሬም አቆማለሁ" ይለኛል። እሺ፣ ግን ለምን ብቻህን? ጥርስ ሲያማችሁ ራሳችሁ ትነቅላላችሁ እንዴ?

ኒኮቲን ሲሳብ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። አንጎል ለምዶት ሲቀርበት መነጫነጭ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ይላል፣ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። የባህርይ ድክመት አይደለም። የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ናቸው፣ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ይቀላል። ሐራራው ራሱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ውሃ ጠጡ፣ ቆሎ ቆርጥሙ፣ ከተቀመጣችሁበት ተነሥታችሁ ሰው ጋ ደውሉ።

እኛ አገር ትልቁ ወጥመድ ግን ጫቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጋራ ትዝ የማይለው ልጅ በርጫ ላይ ምርቃናው ሲመጣ አንዱን ከአንዱ እየለኮሰ ፓኬቱን ይጨርሳል፣ ማታ ደግሞ ጨብሲ ላይ ሌላ ይከፈታል። "ጫቱን እየቃምኩ ሲጋራውን ብቻ እተዋለሁ" የሚለኝን አልከራከረውም፣ ግን አላምነውም። ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ከበርጫ ቤት ራቁ። ጓደኞቻችሁ ይቀየማሉ፤ ይቀየሙ። በሺሻ ልቀይረው የምትሉም አላችሁ፣ እሱም ያው ትምባሆ ነው፣ አንድ ሰዓት ሲሳብ ደግሞ የሚገባው ጭስ ከአንድ ሲጋራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አሁን ወደ እርዳታው። በአካባቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ካርድ አውጡ፣ "ሲጋራ ማቆም እፈልጋለሁ" በሉ። ለሳል ነው የመጣሁት ብላችሁ አትሸፋፍኑ። በቀን ስንት ፍሬ እንደምታጨሱ፣ ከእንቅልፍ ነቅታችሁ የመጀመሪያውን በስንት ደቂቃ እንደምትለኩሱ ለባለሙያው ንገሩት። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንክሯል ማለት ነው፣ ምክር ብቻውን ላይበቃችሁ ይችላል።

መድኃኒትም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ፓች (ቆዳ ላይ የሚለጠፍ) እና የኒኮቲን ማስቲካን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ካስገባ ቆይቷል፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ደግሞ ቡፕሮፒዮንና ቫረኒክሊን የተባሉ ሲጋራ ለማቆም የሚረዱ ክኒኖች ተጨምረዋል። እኛ ጋ እያንዳንዱ ፋርማሲ አይዛቸውም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ፣ አጠያይቁ። ማስቲካውን ካገኛችሁ እንደ ተራ ማስቲካ አታኝኩት፤ ትንሽ ታኝኮ አፍ ሲያቃጥል ጉንጭ ሥር ይቀመጣል፣ ማቃጠሉ ሲጠፋ እንደገና ይታኘካል። ዝም ብሎ የሚያኝክ ሰው ሆዱ ይረበሽና መድኃኒቱን ይሳደባል። ቡፕሮፒዮን ያለ ሐኪም አይወሰድም፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ጭራሽ አይሆንም።

አዲስ አበባ ያላችሁና ከሲጋራው ጋር ጫትና መጠጡም የተደራረበባችሁ፣ አማኑኤልና ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። አማኑኤል ሲባል "እብድ ነኝ ወይ" የምትሉትን አውቃለሁ፣ ተዉት ባካችሁ። ጸበል የምትገቡም ግቡ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። ረመዳንን ከንጋት እስከ ምሽት ሳያጨስ የሚውል ሰው ደግሞ ከባዱን ሰዓት ለምዶታልና የቀረችው ከፍጥር በኋላ ያለችዋ ናት፣ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወደ ሲጋራ ማቆሚያው የስልክ መስመር፣ 1-800-784-8669፣ ደውሉ፣ ነጻ ነው፣ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። በአንዳንድ ስቴቶች ፓቹንም በነጻ ቤታችሁ ይልካሉ።

መሃል ላይ አንድ ፍሬ ብታጨሱ በቃ ከሸፈ ብላችሁ ፓኬት አትግዙ። በማግስቱ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ሂዱና ምን ስታደርጉ፣ ከማን ጋር ሆናችሁ እንደለኮሳችሁት ንገሩ፤ ምናልባት መጠኑ አንሶ ይሆናል፣ ምናልባት መድኃኒቱ መቀየር አለበት።