ከጣሪያችሁ የሚወርደው ውሃ የት ይሂድ?

ክረምት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። የአንዱ ግቢ ውሃ ገብቶበታል፣ የሌላው ቱቦ ሞልቷል። ሥራዬ የከተማ ፍሳሽ ስለሆነ «ስለ ጣሪያና ግቢ ውሃ ያላችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ከነመልሳቸው እነሆ።

ከቀበና፦ ሰፈራችን ትልቅ ቱቦ ተቀብሯል። ከእንግዲህ ምን ያሰጋናል?

እናንተን ሊቀላችሁ ይችላል። ውሃው ግን አልጠፋም፤ ታች ሰፈር ቶሎ ደረሰ እንጂ። እስቲ እናስላው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። 200 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 6,000 ሊትር ሆነ። ከአንድ ቤት ብቻ! ግቢው ሣርና አፈር ሳለ ከዚህ የተወሰነው ይሰርጋል፣ የቀረውም ቀስ እያለ ይወርዳል። ሊሾ ከሆነ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ቱቦ ይገባል። ከእንጦጦ ሥር ጀምሮ ያለው ግቢ ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ ቀበና ወንዝ ይሞላል፤ ከዚያ ወደ አቃቂ ነው። ቱቦ ማስፋት ብቻውን ጣጣውን ለታችኛው ጎረቤት ማሻገር ነው።

ከፒያሳ፦ ታዲያ የግንባታ ደንቡ ምን ይበል?

የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን (የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል የሚወስነው) 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ጥሩ መነሻ ነው። ችግሩ አንድ ግቢ ውስጥ ስንገባ ይመጣል። ፕላኑ ላይ «ክፍት ቦታ» የተባለው ብዙ ጊዜ የመኪና ማቆሚያ ኮንክሪት ነው። ለዓይን ክፍት ነው፣ ለውሃ ግን ዝግ። ስለዚህ ደንቡ መለካት ያለበት ያልተገነባውን ሳይሆን ውሃ የሚያሰርገውን መሬት ነው።

ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ደግሞ ከዚህ በላይ እሄዳለሁ። ከግቢህ በሰከንድ ከዚህን ያህል ሊትር በላይ አታስወጣ፣ ትርፉን እዚያው ያዝ ይባሉ። እንዴት እንደሚይዘው ባለቤቱና መሐንዲሱ ይጨነቁበት፤ በቤዝመንት ጋን ይሁን፣ በጣሪያ ላይ አፈርና ሣር ይሁን። ደግሞ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሰው ሄዶ በዓይኑ ይይ። ፕላን ላይ ብቻ የተሣለ ጋን ስንት አለ መሰላችሁ!

ከሜክሲኮ፦ ይሄ ለደሃው ሌላ ወጪ አይሆንም?

ከትልልቅ ሕንፃዎች ከተጀመረ አይሆንም። ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው የአረንጓዴ ጣሪያ (አፈርና ተክል ያለበት ጣሪያ) ደንብ የሚመለከተው የወለል ስፋታቸው 2,000 ካሬና ከዚያ በላይ የሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎችን ነበር። ብዙ የጀርመን ከተሞች ደግሞ የዝናብ ውሃ ክፍያን ለብቻው ያስከፍላሉ። ስሌቱ በተሸፈነው ካሬ ነው። ኮንክሪቱን አንስቶ ሣር የተከለ ሰው ክፍያው ይቀንስለታል። እኔ ይሄኛው ይማርከኛል፤ የቆርቆሮ ቤት ያላቸው እናትና ባለ 12 ፎቁ እኩል አይጠየቁም።

ከካዛንቺስ፦ ኮብልስቶን ያሰርጋል አይደል?

ከአስፋልት ይሻላል እንጂ ሣር አይደለም። ሥሩ ተጠቅጥቆ፣ መገጣጠሚያው በጭቃ ከተደፈነ ብዙም አያሳልፍም።

ከአራት ኪሎ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ፣ የጎረቤቴ አሸንዳ እኔ ግቢ ላይ ነው የሚያፈሰው። ግድግዳዬ ረጠበ። ምን ላድርግ?

እማማ፣ መጀመሪያ በሽማግሌም ቢሆን ያነጋግሯቸው። አሸንዳ ማዞር የአንድ ቀን ሥራ ነው። እምቢ ካሉ፣ እየዘነበ ሳለ ልጆቹ ፎቶና ቪዲዮ ያንሱልዎት። ከቆመ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል። ከዚያ ወረዳ ይሂዱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ ይከለክላል፤ መብት አለዎት።

ከልደታ ኮንዶሚኒየም፦ የጣሪያውን ውሃ ከሽንት ቤት መስመር ጋር ብናገናኘውስ?

በጭራሽ! ያ መስመር የተሠራው ለቆሻሻ ፍሳሽ ነው፤ ዶፍ አይችልም። ማንሆሉ ይገነፍልና ምድር ቤት ያሉት ሰዎች ሽንት ቤት ውስጥ ይወጣል።

ከለገሃር፦ ጉድጓድ ቆፍሬ ላስርገው?

አፈሩ ይወስነዋል። ውሃ ጨምራችሁ በስንት ሰዓት እንደሚጎድል እዩ። ወደ ቦሌና አቃቂ የሚበዛው ዓይነት ጥቁር አፈር ከሆነ ተዉት። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ መሠረትም ያናጋል። ሌላ አፈርም ቢሆን ከቤቱ መሠረትና ከጎረቤት አጥር ራቅ አድርጉት።

ከአራዳ፦ 5,000 ሊትር ሮቶ ገዛሁ። ይበቃል?

ለመጠቀም ጥሩ ነው። ለጎርፍ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሐምሌ ላይ በሁለት ዝናብ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ እንደ በፊቱ መንገድ ላይ ይፈሳል። ጎርፍ የሚይዘው ባዶው ቦታ ነው። ስለዚህ ሮቶው ወገብ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አስበስተህ ቀጭን ቱቦ ግጠምበት፤ የላይኛው ግማሽ በየዝናቡ መሐል ቀስ ብሎ ይጎድላል። የታችኛው ለሽንት ቤትና ለልብስ ማጠቢያ ይቆይሃል። ክዳኑን ግጠመው፣ ትንኝ እንዳይፈለፈልበት። መጀመሪያ የሚወርደውን አቧራማ ውሃ አታስገባ። የቀጭኑ ቱቦ ጫፍ ደግሞ ወደ አትክልቱ ይሁን እንጂ ወደ ጎረቤት በር እንዳይዞር።