መልስ፦ በሐምሌ ሌክ አና (አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለው ሐይቅ) ላይ ክራፒ የሚባለው ዓሣ የት ገባ?

ወንድሜ፣ «ሚያዝያ ላይ ከዳር ሆኜ ባልዲ ሞላሁ፣ አሁን አንድም የለም» ላልከው፦ ያኔ ሊራባ ነበር ወደ ዳር የወጣው፤ አሁን ሙቀቱን ሸሽቶ ጥልቁ ውስጥ ነው። ዳሩን ተወውና በጀልባ የ208 መንገድ ድልድይ ምሰሶዎች ጋ ሂድ፤ ከ4 እስከ 6 ሜትር ሞክር። ወለሉ ድረስ ግን አታውርድ፣ በሰመር የታችኛው ውሃ ኦክስጅን ያጥረዋል። ክራፒ ወደ ላይ እያየ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ መንጠቆህ ከዓሣው ከፍ ይበል። እኔ ሕያው ሚኖው (ለማጥመጃ የሚሆን ትንሽ ዓሣ) ከንፈሩ ላይ መንጠቆ ሰክቼ ቀስ እያልኩ አወርዳለሁ። ክሩ ድንገት ከላላ፣ ጎርሶ ወደ ላይ እየመጣ ነው! ታዲያ እንደ አምባዛ በኃይል እንዳትጎትት፤ አፉ እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ ይቀደዳል። ስንቱን እንዲህ አጥቻለሁ። ጎህ ሲቀድ ወይም ማታ መብራት ይዘህ ውጣ፤ እኩለ ቀን ላይ የምትጠበሰው አንተ ነህ።