ሰርዶ ታጭዶ ይለመልማል፤ ስንዴ ለምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ በግቢዬ የሰርዶ መስክ አለኝ። አጠገቡ በነበረ ባዶ መደብ ላይ ስንዴ ዘርቼ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለቱ በመልክ ብዙም ስለማይለያዩ መደቡንም ከሣሩ ጋር አብሬ አጨድኩት። ያኔ ስንዴው ልክ እንደ ሰርዶው መልሶ ለመለመ፤ ቁመቱ ከፍ ካለ በኋላ ዳግመኛ ባጨድኩት ጊዜ ግን ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሁለቱም የሣር ወገን ከሆኑ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ሰርዶስ ዘር የሚያፈራ ሆኖ ሳለ ለምን እንደ እህል አይመረትም? እንደ ሰርዶ በየዓመቱ ሳይዘራ እንደ ስንዴ ፍሬ የሚሰጥ ተክልስ ሊኖር አይችልም?

መልስ፦ ሁለቱም የሣር ወገን መሆናቸው እውነት ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ 12,000 ያህል ዝርያዎች ይቆጠራሉ፤ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ቀርከሃም ሳይቀር አባላቱ ናቸው። ይሁን እንጂ ሰርዶና ስንዴ የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። ስንዴ ከገብስና ከአጃ ጋር በአንድ ንዑስ ቤተሰብ ሲመደብ፣ ሰርዶ የሚመደበው ከዳጉሳና ከጤፍ ጋር ነው። ራይግራስ የሚባለው የግቢ ሣር ደግሞ ከስንዴው ጎራ ነው። እንግዲህ «የግቢ ሣር» እና «እህል» የሚለው ክፍፍል ከምንፈልግባቸው ጥቅም የመጣ እንጂ ከዝምድናቸው የተነሣ አይደለም።

ወደ አጨዳው እንምጣ። የሣር ወገኖች ቅጠል የሚያድገው ከጫፉ ሳይሆን ከሥረ መሠረቱ ነው፤ ጫፉ ቢቆረጥ ከታች ያለው ክፍል መግፋቱን ይቀጥላል። አዳዲስ ቅጠሎችን የሚያወጣው የእድገት እምብርት ደግሞ ተክሉ ለጋ በሆነበት ጊዜ ከአፈር ወለል በታች ወይም እዚያው ወለሉ ላይ ተቀብሮ ስለሚቆይ ስለቱ አይደርስበትም። የመጀመሪያው አጨዳዎ ስንዴውን ያልጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲያውም ስንዴ በስፋት በሚመረትባቸው አንዳንድ አገሮች ገበሬዎች ለጋውን ስንዴ ለከብት ያስግጡና ከብቶቹን በጊዜ አውጥተው ከዚያው ማሳ እህል ይሰበስባሉ።

«በጊዜ» የሚለው ቃል ግን ዋናው ነገር ነው። ስንዴ ግንዱን ማስረዘም ሲጀምር ያ እምብርት ወደ ዛላነት ተለውጦ፣ ገና ከሩብ ጣት ሳይበልጥ፣ በግንዱ ውስጥ ሽቅብ መጓዝ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ስለቱ የሚቆርጠው ቅጠል ብቻ ሳይሆን ዛላውን ራሱን ነው፤ ዛላውን ያጣ ግንድ ሌላ አያወጣም። ዘግይተው ከሥሩ የሚያቆጠቁጡ ጥቂት ቅርንጫፎች ሊኖሩ ቢችሉም፣ ስንዴ አንድ ጊዜ አፍርቶ የሚሞት ዓመታዊ ተክል በመሆኑ ለሁለተኛ ሕይወት ያስቀመጠው ስንቅ የለውም። ወደፊት ይህን ለመለየት ከፈለጉ ግንዱን ከመሬት ጀምሮ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ከአፈሩ በላይ የመጀመሪያው ጠጣር አንጓ ከተሰማዎ የማጨጃው ጊዜ አልፏል።

ሰርዶ የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። ግንዱ ወደ ላይ ከመቆም ይልቅ በመሬት ላይ ይሳባል፤ ሌላው ክፍሉ ደግሞ ከአፈር በታች ይጓዛል፤ በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ሥርና አዲስ ቡቃያ ማውጣት ይችላል። ስለሆነም ማጨጃው ከላይ ሲያልፍ የሚያገኘው በአብዛኛው ቅጠል ነው፤ ሀብቱ ያለው ከስለቱ በታች ነው። በእርሻ ማሳ ውስጥ አስቸጋሪ አረም የሚያደርገውም ይኸው ጠባዩ ሲሆን፣ ማረሻ የቆራረጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ይህ ማለት ግን ሰርዶ ምንም ዓይነት አጨዳ ይችላል ማለት አይደለም። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ ከተወሰደበት ሥሩ ይዳከማል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይታጨድ ቆይቶ ድንገት እስከ ታች ከተላጨም አረንጓዴው ተነሥቶ ቡናማው ግንድ ብቻ ይታያል።

ሰርዶ ለምን እንደ እህል አይመረትም ለሚለው ጥያቄዎ ብዙዎች የሚሰጡት መልስ «ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ደቃቅነቱ አያጠራጥርም፤ አንድ ኪሎ ግራም ስንዴ ከ20,000 እስከ 30,000 ያህል ፍሬ ሲይዝ፣ አንድ ኪሎ የሰርዶ ዘር በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ነገር ግን ይህ መልስ እኔን አያረካኝም፤ የጤፍ ፍሬም ከዚህ ብዙ አይተልቅምና። ትክክለኛው ምክንያት ተክሉ ጉልበቱን የት ያውላል በሚለው ላይ ነው። ዱር በቀል ስንዴ ፍሬው በበሰለ ጊዜ ዛላው ተሰባብሮ ይረግፋል። ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ሲሰበስቡ በእጃቸው የሚቀረው ያልረገፈው ነበርና፣ እሱኑ መልሰው እየዘሩ ፍሬውን አጥብቆ የሚይዝ፣ በአንድነት የሚበስል ስንዴ አገኙ። ዛሬ ከተሻሻሉ የስንዴ ዝርያዎች ከመሬት በላይ ካለው ደረቅ ክብደት ግማሽ ያህሉ ፍሬ ነው። ሰርዶ ግን አብዛኛውን ጉልበቱን በሚሳበው ግንዱና በሥሩ ላይ ያውላል፤ ፍሬውም አንድ ጊዜ አይበስልም፤ ማንም ለፍሬው ብሎ መርጦት አያውቅም።

እንዲያውም ምርጫው በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዷል። በሣር ሜዳዎች ላይ ከሚመሰገኑት ሰርዶዎች አብዛኞቹ ከሁለት ዝርያዎች የተዳቀሉና 27 ክሮሞሶም ያላቸው መካኖች ናቸው፤ የሚባዙት በዘር ሳይሆን በቁራጭ ግንድ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው «ቲፍዌይ» እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ቲፍተን በሚገኘው የምርምር ጣቢያ ይሠራ በነበረው በግሌን በርተን እጅ ነው። የሚገርመው ይኸው ሰው ቡልቱግ የሚባለውንም የብርዕ ሰብል ሲያሻሽል የኖረ መሆኑ ነው፤ እሱ ያወጣው የቡልቱግ መሥመር እ.ኤ.አ. በ1965 በህንድ ለተለቀቀው የመጀመሪያው ድቅል ዝርያ እናት ሆኖ አገልግሏል። በአንድ በኩል ዘር አልባ ሣር፣ በሌላ በኩል ዘሩ የበዛ እህል ማፍራት ለአንድ ተመራማሪ የሚጋጩ ሥራዎች አልነበሩም።

ሁለቱ የሚገናኙበት ሌላ ቦታ ቁመት ነው። ስንዴ ማዳበሪያ በበዛለት ቁጥር ይረዝምና ዛላው ሲከብደው ይጋሽባል። ከጃፓን «ኖሪን 10» ዝርያ የተገኙት የድንክነት ዘረመሎች ይህን ችግር አቃለሉት፤ ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ በእነርሱ ተጠቅሞ ያወጣቸው አጫጭር ስንዴዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ለኖቤል የሰላም ሽልማት አበቁት። እነዚህ ዘረመሎች የሚሠሩት ተክሉ ግንድ ለሚያስረዝመው ጂበሬሊን ለተባለው ሆርሞን እንዳይታዘዝ በማድረግ ነው። ይህንኑ ሆርሞን እንዳይመረት የሚገታው ትሪኔክሳፓክ ኢታይል የተባለ ኬሚካል በስንዴ ማሳ ላይ መጋሸብን ለመከላከል፣ በሣር ሜዳ ላይ ደግሞ አጨዳን ለማራራቅ ይረጫል።

ስለ ሙቀት ባጭሩ ለመናገር፣ ሰርዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቅጠሉ ውስጥ አከማችቶ የሚጠቀምበት ተጨማሪ መንገድ ስላለው ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ይበልጥ ይፋፋል፤ ስንዴ ይህ መንገድ የለውምና ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ለብታ ይስማማዋል። በብርድ ጊዜ የእርስዎ ሰርዶ ሲጠወልግ ስንዴ አረንጓዴ ሆኖ ቢቆይ አይደነቁ።

በየዓመቱ ሳይዘራ ፍሬ የሚሰጥ ተክልን በተመለከተ ጥረቱ ተጀምሯል። በአሜሪካ ካንሳስ የሚገኘው «ላንድ ኢንስቲትዩት» የስንዴ ዘመድ ከሆነ አንድ ቋሚ ሣር «ከርንዛ» በሚል ስም የሚሸጥ እህል አውጥቷል። ፍሬው ከስንዴ ፍሬ በእጅጉ ያነሰ ሲሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላም ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሥሩን የሚቀልብ ተክል ለፍሬው የሚሰጠውን ያህል መቀነሱ ስለማይቀር፣ በእኔ ግምት ስንዴን በምርት ሊተካ የሚችልበት ቀን ቅርብ አይደለም። አፈር እንዳይሸረሸር በመያዝ በኩል ግን ዓመታዊው ስንዴ አይወዳደረውም።

ጥያቄ፦ የእኔ የግቢ ሣር ሰርዶ ሳይሆን ራይግራስ ነው። የታጨደውን ለበጎች መስጠት እችላለሁን? በአቅራቢያው ስንዴ ቢዘራስ በሽታ ይተላለፍበታል?

መልስ፦ ለበጎችዎ አይስጡ። ራይግራስ በስንዴ መካከል የሚበቅለው የእንክርዳድ የቅርብ ወንድም ነው፤ ሁለቱ በአንድ ወገን ይመደባሉ። የእንክርዳድ መርዛማነት ብዙውን ጊዜ በውስጡ ከሚኖር ፈንገስ ጋር እንደሚያያዝ ሁሉ፣ ለግቢ የሚሸጡ ብዙ የራይግራስ ዝርያዎችም ነፍሳትን እንዲከላከልላቸው ተብሎ ተመሳሳይ ፈንገስ ሆነ ተብሎ እንዲኖርባቸው ይደረጋል። በመስኩ ላይ ይህ ጥቅም ነው፤ ሣሩን የበሉ በጎችና ከብቶች ግን ይንቀጠቀጣሉ፣ ይንገዳገዳሉ፣ ይወድቃሉ። ለግጦሽ ተብለው የተዘጋጁ ሌሎች የራይግራስ ዝርያዎች ስላሉ፣ ሣሩን ለመኖ የሚፈልግ ሰው ዘሩን ሲገዛ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

በሽታን በተመለከተ ስጋትዎ መሠረተ ቢስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በብራዚል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የስንዴ ብላስት በሽታና በ1990ዎቹ በአሜሪካ የጎልፍ ሜዳዎች ራይግራስን ያደረቀው ግራጫ የቅጠል ነጠብጣብ መንሥኤያቸው አንድ የፈንገስ ዝርያ ነው። ሁለቱን ሰብሎች የሚያጠቁት የፈንገሱ ዓይነቶች የተለያዩ ቢሆኑም በጣም ይቀራረባሉ። ስለዚህ ራይግራሱ በሞቃትና እርጥብ ወቅት ግራጫ ነጠብጣብ ካወጣ፣ የናይትሮጅን ማዳበሪያውን ይቀንሱ፣ ውኃውን ቅጠሉ በቀን ውስጥ እንዲደርቅ በማለዳ ያጠጡ፣ የታጨደውንም ወደ ስንዴው መደብ አይውሰዱ።