ማህተሙ የታለ? የሳምንቱ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ነጻ የኦንላይን ኮርሶች ሁለት መስመር ጣል ባደርግ መልእክቱ ጎረፈ። ሁሉንም አልመልስም፣ ግማሹ አንድ ዓይነት ነው። የተንዛዙትን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ እንዳትቀየሙኝ።

ጥ፦ ከኦንላይን ኮርስ ድረ ገጾች ኮርሴራ ይሻላል ወይስ ኢድኤክስ?

መ፦ የምትፈልጊው ትምህርት ያለበት ይሻላል።

ጥ፦ ጠያቂው የዩኒቨርሲቲ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነው። ክረምቱን ፒያሳ አንድ ካፌ ዋይፋይ ላይ ተጥዶ የስታቲስቲክስ ኮርስ ጨረሰ። ሰርተፍኬቱ ላይ የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስም አለ። «ዲፓርትመንቴ ይቆጥርልኝና ስታትን እዘለው ይሆን?» ይላል።

መ፦ ወንድሜ፣ እኔም ሞክሬያታለሁ። ማስተርስ ልጀምር ስል እንዲህ ያለ ሰርተፍኬት በከለር አሳትሜ፣ ስሙን የማልጠራው ኮሌጅ ሬጅስትራር ሄድኩ። ሴትዮዋ አነበበችው። ገለበጠችው። ጀርባው ነጭ ነው። መልሳ ገለበጠችውና «ማህተሙ የታለ?» አለችኝ። ታች ያለውን ሊንክ አሳየኋት፣ እዚህ ስትገቢ ስሜ ይወጣል አልኳት። «ስምህንማ መታወቂያህ ላይ አይቼዋለሁ፣ ማነው የፈተነህ?» አለች። ተናድጄ ወጣሁ። ንዴቴ እስኪበርድ ድረስ ሁለት ማኪያቶ ጠጥቻለሁ። አሁን ሳስበው ግን ማህተሙ ላይ ብትሳሳትም ሁለተኛው ጥያቄዋ ልክ ነበር።

ሰርተፍኬቱ የሚለው «ይሄ ሰው ኮርሱን ጨርሷል» ነው። ክሬዲት ሌላ ነገር ነው። እውቅና ያለው ተቋም አንተው መሆንህን አረጋግጦ ይፈትንሃል፣ ውጤትህን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ በትራንስክሪፕት ይልካል። ከዚያም በኋላ ቢሆን የሚቀበልህ ዩኒቨርሲቲ ካልፈለገ አይቆጥርልህም። የዩኒቨርሲቲው ስም ስላለበት ብቻ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርክ ማለት አይደለም።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። ኢሲቲኤስ የአውሮፓው የክሬዲት መለኪያ ነው፤ 1 ኢሲቲኤስ ማለት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። ያንተ ስታት 5 ኢሲቲኤስ ነው እንበል፤ ክፍል ውስጥ የምትቀመጠው፣ የምታነበውና አሳይመንቱ ተደምሮ ቢያንስ 125 ሰዓት ይሆናል። የኦንላይን ኮርስህ ገጽ ላይ ስንት ይላል? 20 ሰዓት? 1 እንኳ አልሞላም። መምህርህ ቢስቅ አትፍረድበት።

ክሬዲት የሚያስገኙ የሉም አላልኩም። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በሳፕላይ ቼይን (በአቅርቦት ሰንሰለት) የሚሰጠው ማይክሮማስተርስ የሚባል የማስተርስ ደረጃ የኦንላይን ኮርሶች ጥቅል አለ። ኮርሶቹንና የመጨረሻውን ፈተና አልፈህ የማስተርስ ፕሮግራሙ ከተቀበለህ ያለፍከው ይቆጠርልሃል። ግን ልብ በል፣ ቪዲዮውን ማየት ነጻ ነው፣ ተረጋግጦ መፈተን ያስከፍላል። ነጻው ትምህርቱ እንጂ ክሬዲቱ አይደለም።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ኮርስ ከመጀመርህ በፊት ይዘቱን አትምና የዲፓርትመንት ኃላፊህን አናግር። እምቢ ካለህ ስታቱን ተማረው፣ ግማሹን አውቀኸው ስለምትገባ ቀለል ይልሃል። ለማንኛውም ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጣውን የመውጫ ፈተና ማንም ሰርተፍኬት አያስቀርልህም።

ጥ፦ አንዲት የካሳንቺስ እናት። ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ስልኩን አቅፎ «እየተማርኩ ነው» ይላቸዋል። እውነቱን ነው?

መ፦ እማማ፣ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። «የዛሬውን አሳይመንት አሳየኝ» ይበሉት። የሚማር ልጅ ማሳየት ይወዳል፣ እንዲያውም ማስረዳት ጀምሮ ያሰለችዎታል። «ኔትወርክ የለም» ካለዎት ግን ያው ገብቶዎታል።

ጥ፦ 23 ሰርተፍኬት አለኝ፣ ሲቪዬ ላይ ሁሉንም ልደርድር?

መ፦ ኧረ በፈጠረህ! ከሥራው ጋር የሚሄዱትን ሁለት ሦስቱን ምረጥ።

ጥ፦ ቤቴ ኢንተርኔት የለም፣ የት ልማር?

መ፦ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። 4 ኪሎ ፓርላማው ፊት ለፊት። በጠዋት ግቢ፣ ቦታ ይሞላል።

ጥ፦ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የሚባለው የኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዲግሪ ልያዝ አስቤያለሁ፣ ነጻ ነው አይደል? መንግሥት መሥሪያ ቤት ስለምሠራ ለደረጃ እድገት ይሆነኛል።

መ፦ በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመ፣ አሜሪካ ውስጥ እውቅና ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። የውሸት አይደለም። የማስተማሪያ ክፍያ አይጠይቅም፣ ማመልከቻውና የእያንዳንዱ ኮርስ ምዘና ግን በዶላር ይከፈላል። አንቺን የሚያሳስብሽ ግን ሌላ ነው። እዚያ እውቅና አለው ማለት እዚህ የሰው ኃይል ክፍልሽ ይቀበለዋል ማለት አይደለም። የውጭ ዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፣ በፊት ሄርካ የምንለው። አንድ ሳንቲም ሳትከፍይ እዚያ ሂጂ። በኦንላይን እንደምትማሪው በግልጽ ንገሪያቸው፣ መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ። ዘወትር «ባለሙያ አማክሩ» እያልኩ እንደማልፋት ዓይነት ምክር አይደለም ይሄ። 4 ዓመት ሌሊት ሌሊት ተምረሽ አይሆንም ከሚሉሽ ዛሬ ግማሽ ቀን ብትሰለፊ ይሻላል። መሥሪያ ቤትሽንም ጠይቂ፣ እነሱም የራሳቸው መመሪያ አላቸው።

ጥ፦ አንድ ሰው የኦንላይን ሰርተፍኬቶቼን ሰብስቦ «ወደ ዲግሪ እቀይርልሃለሁ» አለኝ። ግማሹን ቀብድ ይላል።

መ፦ አትክፈል። ከከፈልክም ቀብዱን እርሳውና ከሰውየው ራቅ፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ይዘህ ስትገኝ የምትጠየቀው አንተ ነህ፣ እሱ ስልኩን ይቀይራል።

ጥ፦ ሰርተፍኬቴን ላሚኔት ላስደርገው?

መ፦ ተይው። ላሚኔት ላይ ማህተም አይመታም።