ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ክኒኑ ትሉን ቀሰቀሰው ይሆን?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ ነው። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። ትምህርት ቤት የትል ክኒን ሰጡት። በሁለተኛው ቀን እስክሪብቶ የሚያክሉ ሦስት ትሎች ወጡ፤ አንዱ ይንቀሳቀስ ነበር። ክኒኑ ቀስቅሷቸው ይሆን? ደንግጬ የብልሃርዚያው ክኒን የሚሰጥ ቀን ልጄን ቤት አስቀረሁት። አያቱ ኮሶ ላጠጣው ይላሉ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ መድኃኒት ነው። የፈሩት ግን ትሉ ሽቅብ ወጥቶ ሌሊት ልጄን ቢያንቀውስ ብለው ይመስለኛል። አይዞዎት። ያዩት ወስፋት ነው። ክኒኑ አልቀሰቀሰውም፤ አዳከመው። አቅም ያጣ ወስፋት ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሲወጣ ቢንቀሳቀስም ያለቀለት ነው። ልጁ እየበላና እየተጫወተ ከሆነ እርስዎም እንቅልፍዎን ይተኙ። ቤቴ ስለቆሸሸ ነው ብለውም ራስዎን አይውቀሱ። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ለዓመታት መቆየት ይችላል። ልጅ ሜዳ ላይ ተጫውቶ ጣቱን አፉ ውስጥ ከከተተ በቃ።

«ወስፋት የሌለው ሰው የለም፤ ምግብ የሚፈጭልን እሱ ነው» የሚለውን ነገር ግን ሰልችቶኛል። በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። የተማረውም ይለዋል። አነጋገራችንም አግዞታል። ሲርበን «ወስፋቴ ጮኸ» እንላለን፤ መብላት ሲያስጠላን «ወስፋቴ ተዘጋ»፤ ቃሪያው ደግሞ «ወስፋት ይከፍታል»። አነጋገሩ ይቆይልን፣ እኔም እለዋለሁ። ነገር ግን ሲርበን የሚጮኸው ትል አይደለም። አንጀት ባዶውን ሲኮማተር አየርና ፈሳሽ እየገፋ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ወስፋት ድምፅ የለውም። ምግብም አይፈጭም፤ ልጁ የበላውን ይሻማዋል። አንዲት እናት ወስፋቱ ሁሉ ካለቀ ልጄ መብላት ያቆማል ብላ ክኒኑን ገምሳ ሰጥታው አይቻለሁ። ልጁ ሆዱ ተነፍቶ እግሩ ቀጥኖ ነበር። ወስፋት አልቆበት የተጎዳ ልጅ የለም!

ኮሶውን በፍጹም አያጠጡት። አያቱን አክብረው ይንገሯቸው። ኮሶ የሚጠጣው በጥሬ ሥጋ ለሚመጣው ለኮሶ ትል ነው፤ ወስፋት ሌላ ነው። ኮሶ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ ሲበዛ ዓይንን እስከመጉዳት ይደርሳል። ለ9 ዓመት ልጅ ስንት እንደሚበቃው በኩባያ የሚለካልዎት ማን ነው?

የብልሃርዚያውን ክኒን ማስቀረትዎ ደግሞ በጣም አሳዝኖኛል። ለጣና ዳር ልጅ ከወስፋት ይልቅ የሚያሳስበኝ ብልሃርዚያ ነው። እሱም ትል ነው፤ በአፍ ግን አይገባም። ውኃ ውስጥ ካለ ትንሽ ቀንድ አውጣ ይወጣና የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። እጅ መታጠብ አያስቀረውም። ልጁ የዋጠው የወስፋት ክኒንም አይነካውም፤ የእሱ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው። ከተተወ እንቁላሉ ጉበት ላይ እየተጠራቀመ ከዓመታት በኋላ ደም ያስመልሳል። «ምንም አላመመውም» አይበሉኝ፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ አያምም። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ቁርሱን በልቶ ይሂድ። ሆዱን ቢቆርጠው ወይም ቢያቅለሸልሸው አይደንግጡ፣ ቶሎ ያልፋል።

ለብልሃርዚያው እንዶድ አጠጪው ብሎ የሚመክርዎትም አይጠፋም። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተዋል፤ የምንኮራበት ግኝት ነው። የሚገድለው ግን ውኃ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ነው። ለልጅ አይጠጣም።

ጣና ዳር ያደገን ልጅ አትዋኝ ብሎ ማስቆም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ ገላውን ቤት ይታጠብ፤ ከሐይቁ የቀዱት ውኃ ሁለት ቀን በጀሪካን ከቆየ ወይም ከፈላ በብልሃርዚያ በኩል አያሰጋም። ሐይቁ ዳር ማንም አይጸዳዳ፤ የብልሃርዚያ እንቁላል ወደ ውኃው የሚገባው በሰገራ ነው። ከሽንት ቤት ሲመለስና ከምግብ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጫማም ያድርግ፤ ደም የሚመጠው የመንጠቆ ትል በባዶ እግር ይገባል። ቀጣዩ ክኒን የሚሰጥበትን ቀን አስተማሪውን ይጠይቁ።

ከሰኞ በፊት ግን ሆዱ ከተነፋና ከጠጠረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ሰገራም ፈስም እምቢ ካለው አይጠብቁ። ትሎቹ ተጠላልፈው አንጀቱን ዘግተውት ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ጀልባም ሆነ መኪና ያገኙትን ይዘው ባህር ዳር ሆስፒታል ያድርሱት።