ዳቦ በቤት ለምትደፉ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

የምኖረው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ ነው። ለቤተሰቤ በሳምንት ሁለቴ ዳቦ እደፋለሁ። ሰሞኑን ጥያቄያችሁ ስለበዛ እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ያልገባችሁን ደጋግማችሁ ጠይቁ፣ አልሰለችም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እባክዎ ልኩን ይንገሩን። ሁሉም ሰው «በመጠኑ» ነው የሚለው።

መልስ፦ እውነትሽን ነው፣ «በመጠኑ» ለጀማሪ ምንም አይነግርም። 1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 3 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ጥቁር አዝሙድ ከወደድሽ 1 የሻይ ማንኪያ። ውሃው በግማሽ ሊትር ፕላስቲክ አንድ ሙሉና ሩብ ያህል ነው፣ ግን ዱቄት ሁሉ እኩል ውሃ ስለማይጠጣ የመጨረሻዋን ሩብ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ከዚያ ቢያንስ 10 ደቂቃ እሺው። መጀመሪያ እጅ ላይ ይለጠፋል፤ ብዙ ሰው ደንግጦ ዱቄት የሚጨምረው ያኔ ነው፣ ዳቦው ድንጋይ የሚሆነውም በዚሁ ነው። እጅሽን ዘይት ቀቢና ቀጥይ። ትንሽ ሊጥ ቆንጥረሽ በጣቶችሽ ቀስ አድርገሽ ዘርጊው፤ ሳይበጠስ ብርሃን እስኪያሳልፍ ከሳሳ ታሽቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ሊጥ ኩፍ አይልም። እርሾው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ውሃሽን ጠርጥሪ። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ትኩስ ውሃ ይገድለዋል። እጅሽ አንጓ ላይ ጠብ አድርጊው፣ እንደ ሕፃን ወተት ለብ ካለ ይበቃል። እርሾውን ከስኳሩ ጋር በጥብጠሽ 10 ደቂቃ ተይው። አረፋ ካልሠራ ጣይው፣ ዱቄትሽ አይባክን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ብርዱም አለ። እኔ ሳህኑን በጋቢ ጠቅልዬ ወጥ ከሚሠራበት ምድጃ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰዓት ይቆይ ሲሉ ሰምቼ አቆየሁት። ወጥቶ ወጥቶ ኦቭን ሲገባ መሀሉ ሰመጠ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሱ የከፍታው ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን ቶሎ ይነፋዋል። ከውጭ የምናየው አሠራር አብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው። እዚህ በሞቃት ቀን በ40 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል፣ በክረምት ደግሞ 2 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሰዓቱን ተወውና ሊጡን እየው። እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ በጣትህ ጫን አድርገው። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ጊዜ ስጠው፣ ቀስ ብሎ እስከ ግማሽ ከተመለሰ ይግባ። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፣ ግን አትጣለው፤ እንደገና አሽተህ ኩፍ አስብለው።

ጥያቄ፦ ኦቭን የለኝም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ድፎ እኮ ኦቭን ሳይመጣ በፊትም ነበር። ምጣድሽ ላይ ኮባ አንጥፊ፣ ኩፍ ያለውን ሊጥ ገልብጪበት፣ ከላይም ኮባ አልብሰሽ አክንባሎውን ግጠሚ። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። የታችኛው ጠንከር ሲል ከነኮባው ገልብጪው። ኮባ በበዓል ሰሞን መንገድ ዳር ሳይቀር ይሸጣል፣ ካጣሽ የሙዝ ቅጠልም ይሆናል።

ሌላው ህብስት ነው። ባለፈው የገና ዋዜማ ሊጤ አፋፍ ላይ ደርሶ መብራት ድርግም አለ። ከሰል አቀጣጥዬ፣ ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልቼ፣ ሊጡን ከውሃው ከፍ አድርጌ በእንፋሎት አበሰልኩት። ቅርፊት የለውም እንጂ ለስላሳነቱ ልዩ ነው፣ ልጆቹ አሁንም «እሱን ሥሪልን» ይሉኛል። ብቻ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እንፋሎቱም ያን ያህል አይግልም፣ ረዘም ያለ ጊዜ ስጪው።

ጥያቄ፦ የጤፍ ዱቄት ልቀላቅል?

መልስ፦ እስከ ሩብ ድረስ። ጤፍ ግሉተን የሚባለው፣ ስንዴ ውስጥ ያለው ሊጡን የሚያለጥጥ ፕሮቲን የለውም፤ ጋዙን የሚይዘው ደግሞ ግሉተኑ ነው። ካበዛሽው አይነሳም።

ጥያቄ፦ መብሰሉን በምን ልወቅ?

መልስ፦ በ200 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። አውጥተሽ ጀርባውን በጣትሽ ኳ ኳ አድርጊ፣ እንደ ባዶ ሣጥን ከጮኸ በስሏል። በትኩሱ አትቁረጪው፣ ውስጡ ይላቁጣል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ለልጆቼ ምሳ እቃ ትኩስ ዳቦ መያዝ እፈልጋለሁ፣ ግን ሥራም አለብኝ።

መልስ፦ የኔ እናት፣ ማታ አቡኪው። እርሾውን በግማሽ ቀንሺ፣ ክዳን ባለው እቃ ፍሪጅ ይደር። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ አውጥተሽ ትንንሽ አድርገሽ አድበልብይው፣ ኩፍ ሲል ኦቭን ይግባ፤ ትንንሹ በ20 ደቂቃ ይደርሳል። ትንፋሹ ሳይወጣለት ግን ምሳ እቃውን አትክደኚበት፣ ላቡ ዳቦውን ያረጥበዋል።