ዲግሪሽን ጅማ ትተሽ አትሂጂ

ከጅማ የጻፍሽልኝ ነርስ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 27 ዓመትሽ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በነርስነት ተመርቀሽ አራት ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርተሻል። ባለቤትሽ ጀርመናዊ ነው። ለመጠጥ ውኃ ሥራ መጥቶ ተዋወቃችሁ፣ ባለፈው ዓመት ተጋባችሁ፤ አሁን እሱ ወደ አገሩ ተመልሷል፤ አንቺም በጥቂት ወራት ውስጥ ልትከተዪው ነው። እሱ «ቋንቋውን እዚህ መጥተሽ ትማሪያለሽ፤ ለጊዜው ዕረፊ» ይልሻል። እናትሽና ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ እንደ ደረስሽ ሥራ ይዘሽ በየወሩ ገንዘብ እንድትልኪ ይጠብቃሉ፤ ወንድምሽ የባጃጁን ዕዳ ከዚያ ሊከፍል አስቧል። «የሆቴል ጽዳትም ቢሆን ልጀምርና ነርስነቱን በኋላ ላስብበት፤ ልክ ነኝ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ብርዱን፣ አማትሽንና ብቸኝነቱንም አንሥተሻል።

አይ እህቴ፣ ልክ አይደለሽም። ጽዳት ነውር ሆኖ አይደለም፤ እኔንም አብልቶኛል። ባለቤቴን ተከትዬ ወደ ሌላ የአውሮፓ አገር ስሄድ የላብራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። «ለስድስት ወር ብቻ» ብዬ የሆቴል አልጋ ማንጠፍ ጀመርኩ፤ ሰባት ዓመት አነጠፍኩ። ማታ ስገባ እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ የቋንቋ ደብተሬን ጭኔ ላይ እዘረጋለሁ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። በመጨረሻ ዲፕሎማዬን ላስገመግም ስነሣ ስንት ሰዓት በክፍል፣ ስንት ሰዓት በተግባር እንደተማርኩ የሚያሳይ ወረቀት ተጠየቅኩ። የተማርኩበት ትምህርት ቤት መዝገቡን ሊያገኘው አልቻለም። ስለዚህ «በኋላ» የሚለውን ቃልሽን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ።

የትዳር ጓደኛ የመኖሪያ ፈቃድ ጀርመን ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሥራት ይፈቅዳል። ፈተናውም እዚያ ላይ ነው፤ ቋንቋ የማይጠይቀውን ሥራ ቶሎ ታገኚዋለሽ፤ ቋንቋ የማይጠይቅ ሥራ ደግሞ ቋንቋ አያስተምርም። ነርስነት በሕግ የተጠበቀ ሙያ ነው፤ ዕውቅና ሳይኖር ነርስ ሆኖ መቀጠር የለም። ዕውቅናውን የሚሰጡት የ16ቱ ክፍላተ አገር የየራሳቸው መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ለእናንተ የትኛው እንደሆነ ባለቤትሽ ከአሁኑ ይጠይቅልሽ። የአገሩ የነርሶች ሥልጠና 2,100 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 2,500 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይይዛል። ያንቺን ወረቀት ከዚህ ጎን አስቀምጠው ያነጻጽራሉ። የጎደለ ካገኙ ወይ የዕውቀት ፈተና ትፈተኛለሽ፣ ወይ የማሟያ ሥልጠና ትገቢያለሽ። በዚያ መካከል ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት ተቀጥሮ ደመወዝ ማግኘት ይቻላል። ሥራ ካማረሽ ይህን ያዢ፤ ከነርሶችና ከሕሙማን ጋር ስትውዪ ቋንቋውም አብሮ ይገባሻል።

«እዚህ መጥተሽ ትማሪያለሽ» ያለሽ ባለቤትሽ አንድ ነገር ዘንግቷል። ለትዳር ጓደኛ ቪዛ በአብዛኛው ኤ1 የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ የጀርመንኛ ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ፈተናው አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት ይሰጣል፤ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለፈተና ብለሽ ደጋግመሽ እንዳትመላለሺ አንድ ጊዜ በደንብ ተዘጋጂ። እዚያ ከደረስሽ በኋላ ለአዲስ መጤዎች የሚሰጠው ኮርስ በተለመደው መልኩ 600 ሰዓት ቋንቋ፣ 100 ሰዓት ደግሞ ስለ አገሩ ሕግ፣ ታሪክና ባህል ነው፤ ግቡም ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ነው። ለነርስ ዕውቅና ግን በአብዛኛው ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ቢ2 ይፈለጋል። ብዙ ሰው የሚቀረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ቢ1 ገበያ ለመውጣትና ጎረቤት ለማነጋገር ይበቃል፤ ሰውየው ደረቱን የት ላይ እንደሚያመው በትክክል ተረድተሽ ለሐኪሙ ለመንገር ግን አይበቃም። ስለዚህ ኮርሱ ሲያልቅ ያለ ዕረፍት ቀጥይ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ እንድትጨነቂ እፈልጋለሁ። ጊዜያዊ ዲግሪ ይዘሽ እንዳትሳፈሪ። ያልተከፈለ የወጪ መጋራት ካለብሽ ጨርሺና ዋናውን አውጪ። ትራንስክሪፕትሽ የኮርስ ስምና ነጥብ ብቻ ከያዘ ከትምህርት ክፍሉ ሌላ ደብዳቤ አጽፊ፤ በእያንዳንዱ ኮርስ ስንት ሰዓት በክፍል፣ ስንት ሰዓት በየትኛው የሕሙማን ክፍል እንደሠራሽ በቁጥር ይቀመጥ። የጅማ ተማሪ እንደ መሆንሽ በቡድን ወደ ወረዳ ወጥተሽ ኅብረተሰቡ መካከል የሠራሽባቸው ሳምንታት አሉ። እኛ «ቲቲፒ ወጣን» ብለን እናልፈዋለን፤ ጀርመን ያለ ገምጋሚ ግን ቃሉ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ለእናቶች ክትትል ስታደርጊ የዋልሽበትን ቀን ባዶ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ይዘርዘር። የሥራ ልምድሽና የሙያ ፈቃድሽም አብረው ይሂዱ፤ ሁሉም በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ይረጋገጡ።

የአያትሽ ስም በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን በጣትሽ እየተከተልሽ አረጋግጪ። የልደት ቀንሽ በአንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ በሌላው በፈረንጆች ሆኖ ቢገኝ እዚያ ሁለት ሰው ትሆኛለሽ። ይህ በጅማ ከተማ የአንድ ሳምንት ምልልስ ነው፤ ከጀርመን ሆነሽ በሰው ስታስፈጽሚው ስንት ወር እንደሚፈጅ በራሴ አይቻለሁ።

ስለ ቤተሰብሽ የምናገረው ሊከብድሽ ይችላል። እናትሽን መርዳት ያንቺ ግዴታም ክብርም ነው፤ የወንድምሽ ባጃጅ ዕዳ ግን ያንቺ ዕዳ አይደለም። ሠርቶ የሚከፍልበት ባጃጅ በእጁ ያለ ጤነኛ ሰው፣ ገና ያልተሳፈረች እህቱን ደመወዝ ከወዲሁ ሲከፋፍል ዝም ማለት አይገባም። በየወሩ ለመላክ ስትዪ ከትምህርት ገበታ ብትነሺ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም የምትልኪው ያንኑ ትንሽ ገንዘብ ነው። ቡና ተፈልቶ ሁሉም በተሰበሰበበት ቀን ንገሪያቸው፦ «ሁለት ዓመት ትምህርት ላይ ነኝ፤ ለበዓል ለእናቴ የቻልኩትን እልካለሁ፤ ከዚያ ውጭ አትጠብቁ።» ባለቤትሽም በስልክ ይስማ። ከእሱ ጋር ደግሞ የትምህርቱንና የዕውቅናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በቁጥር ተነጋገሩ፤ በስምሽ የባንክ ሒሳብ ይከፈት። «ዕረፊ» ያለሽ ወድዶሽ ነው፤ ቤት ውስጥ ብቻ የምትውል ሚስት ግን ሐኪም ዘንድም፣ ማዘጋጃ ቤትም፣ ሱቅም በባሏ አፍ ነው የምትናገረው። ሟርት አድርገሽ አትቁጠሪብኝ እንጂ፣ የራስሽ የመኖሪያ መብት በአጠቃላይ የሚጸናው ጀርመን ውስጥ በትዳር አብራችሁ 3 ዓመት ስትኖሩ መሆኑንም ዕወቂ።

ስለ ዕለት ኑሮው አንድ ነገር ልጨምር። ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻሽን ማስመዝገብ አለብሽ፤ በዚያው ቀን ስምሽ በሕንፃው በር ላይ ባለው የፖስታ ሣጥን ከባልሽ ስም ጎን ይለጠፍ። ጀርመን ውስጥ ዋና ዋናው ጉዳይ አሁንም በደብዳቤ ነው የሚመጣው፤ ዕውቅናውም፣ የኮርሱ ፈቃድም፣ የጤና መድኅኑም፤ ብዙ ጊዜም መልስ የሚሰጥበት ቀን ተቆርጦለት። ስምሽ ሣጥኑ ላይ ከሌለ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይዞ ይመለሳል። ቁልፉ አንቺም ጋ ይኑር፤ በየቀኑ ራስሽ ክፈቺው፤ ባይገባሽም ማታ ከባለቤትሽ ጋር ቃል በቃል አንብቡት።

ብርዱ የልብስ ጉዳይ ነው፤ እዚያው ግዢ፣ ከዚህ አትሸከሚ። አማትሽ ከጀርመንኛ በቀር አለማወቋ ለአንቺ ጥቅም ነው፤ አብረሻት አብስዪ። እሑድ ሱቅ ስለሚዘጋ አስቤዛሽን ቅዳሜ ጨርሺ። ለብቸኝነቱ ጀበናሽንና የጅማ ቡናሽን ያዢ፤ የኮርስ ጓደኞችሽን ቤት ጠርተሽ አፍዪላቸው፤ እነሱም እንዳንቺ አዲስ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቂና ሬጅስትራር ሂጂ። ዋናው ዲግሪ፣ የሰዓቱ ዝርዝር፣ የስምሽ አጻጻፍ፦ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቂያቸው። የሰዓቱን ዝርዝር «አንጽፍም» ካሉሽ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ በአካል አግኚ፤ ያሉሽንም መልሰሽ ጻፊልኝ፤ በምን መልክ እንደሚጻፍ አብረን እናረቅቀዋለን።